ጠበቃው የተከራከረበትን ሃያሲው ሲደግመው

ስለ አንድ መጽሐፍ ዓመታት ሙሉ አንድ ዓይነት ቃል ብቻ ሲነገር ከተሰማ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ መጽሐፉ በአንድ ቃል የሚያልቅ ድሃ ነው፣ አለዚያም አንባቢው ማንበቡን ትቶ የሰማውን መድገም ይዟል። በሱዳናዊው ደራሲ በጠይብ ሳሊህ «የፍልሰት ወቅት ወደ ሰሜን» ላይ የደረሰው ሁለተኛው ነው። በሥነ ጽሑፍ መድረክም ሆነ በጋዜጣ የባህል ዓምድ ይህ ልብ ወለድ በተነሣ ቁጥር የሚቀድመው ዓረፍተ ነገር የታወቀ ነው፦ «በሁለት ባህሎች መካከል የተያዘ የአንድ ወጣት ዓረብ ታሪክ»። የዛሬው ሙግቴ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ጎደሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሙላት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው፤ ከስሕተቱ የሚብሰው ደግሞ ደራሲው ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ አስቀድሞ ያፌዘበት ክርክር መሆኑ ነው።

መጽሐፉን ላላነበበ፣ ካነበበም ለቆየ አንባቢ፣ የታሪኩን ጉዞ በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። ጠይብ ሳሊህ እ.ኤ.አ. በ1929 በሰሜን ሱዳን፣ በናይል ዳርቻ ካርማኮል በምትባል መንደር ተወለደ። በካርቱም ከተማረ በኋላ ወደ ለንደን ተሻግሮ በቢቢሲ የዓረብኛ ክፍል ለዓመታት ሠራ። «የፍልሰት ወቅት ወደ ሰሜን» እ.ኤ.አ. በ1966 በቤይሩት ይታተም በነበረው «ሒዋር» በተባለ መጽሔት ላይ ወጣ፤ በ1969 ደኒስ ጆንሰን ዴቪስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በ2001 ደግሞ መቀመጫውን በደማስቆ ያደረገው የዓረብ የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ዋነኛ የዓረብኛ ልብ ወለድ ብሎ ሰየመው። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን ውስጥ ዐረፈ፤ የተቀበረው ግን ኦምዱርማን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስሙ የማይጠራ ተራኪ በእንግሊዝ አገር ሰባት ዓመት ተምሮ በናይል መታጠፊያ ላይ ወዳለችው መንደሩ፣ ወደ ወድ ሐሚድ ይመለሳል። ሊቀበሉት ከወጡት ሰዎች መካከል የማያውቀው አንድ ፊት ያያል፤ ሙስጠፋ ሰዒድ ይባላል። ከአምስት ዓመት በፊት መጥቶ መሬት የገዛ፣ የማሕሙድን ልጅ ሑስናን ያገባ፣ ዝምተኛና ትጉህ ገበሬ ነው። አንድ ምሽት መጠጥ አንደበቱን ሲፈታው በጠራ እንግሊዝኛ ግጥም ያነበንባል፤ ከዚያ ወዲያ ምስጢሩ ይወጣል። ይህ ገበሬ በሃያ አራት ዓመቱ በለንደን የኢኮኖሚክስ መምህር የነበረ፣ ሦስት እንግሊዛውያት በእርሱ ምክንያት ራሳቸውን ያጠፉ፣ አራተኛዋን፣ ሚስቱን ጂን ሞሪስን፣ በቢላ የገደለ፣ ሰባት ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው ነው። ታሪኩን ለተራኪው ከተናዘዘ በኋላ በአንድ የሞቀ የጁላይ ሌሊት፣ ናይል ሞልቶ ሳለ፣ የገባበት ይጠፋል። ሰጠመ ተባለ። ሚስቱንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን ግን ለተራኪው አደራ ሰጥቶ ነበር።

የጠበቃው ክርክር

እንግዲህ «በሁለት ባህሎች መካከል የተያዘ» የሚለው አስተሳሰብ በመጽሐፉ ውስጥ በማን አንደበት እንደሚነገር እንፈልግ። የምናገኘው በለንደን የወንጀል ችሎት፣ በተከሳሹ ጠበቃ በፕሮፌሰር ማክስዌል ፎስተር ኪን ንግግር ውስጥ ነው። ጠበቃው ደንበኛውን ከስቅላት ለማዳን ብልሃት ያበጃል። ሰውየው አእምሮው የምዕራቡን ሥልጣኔ መቀበል የቻለ፣ ልቡ ግን በዚያው ምክንያት የተሰበረ ጨዋ ሰው ነው ብሎ ያቀርበዋል። ሴቶቹን ለሞት ያበቃቸውም የደንበኛው እጅ ሳይሆን ከሺህ ዓመት በፊት የተለከፉበት አንድ ክፉ በሽታ መሆኑን ይሟገታል። በዚህ መንገድ የነፍስ ግድያው ችሎት የሁለት ዓለማት ግጭት ይሆናል። ሁለት ዓለማት ሲጋጩ ደግሞ ገዳይ የለም፤ ሁሉም የአደጋ ሰለባ ነው።

የነገሩ ምጸት ይህ ብቻ አይደለም። ይኸው ጠበቃ ቀደም ሲል በኦክስፎርድ ሳሉ ሙስጠፋን የማይወድና አለመውደዱንም የማይደብቅ ሰው ነበር። አፍሪካን ለማሠልጠን የተደከመው ድካም ሁሉ ከንቱ ለመሆኑ ዋናው ማስረጃ አንተ ነህ እስከማለት ደርሶ ነበር። በችሎት ያሳየው ርኅራኄና በኦክስፎርድ ያሳየው ንቀት ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። በሁለቱም ሙስጠፋ ሰዒድ ሰው መሆኑ ይቀርና ናሙና ይሆናል። ለሠራው ሥራ የሚጠየቅ ሰው መሆኑን የሚክድ ንቀትም ይሁን ርኅራኄ፣ ውጤቱ አንድ ነው።

ተከሳሹስ ምን ይላል? ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ተቀምጦ ያዳምጣል። ተነሥቶ ይህ የምታወሩለት ሰው የፈጠራ ሥራ ነው፣ ውሸት ነው ብሎ ሊጮህ ይቃጣዋል፤ ግን አይጮህም። ዝም ይላል። ዝምታውም ነፍሱን ያተርፍለታል። ጠይብ ሳሊህ ይህን ትዕይንት ለጌጥ አላስገባውም። «ሁለት ባህሎች» የሚባለውን ማብራሪያ ወስዶ በነፍሰ ገዳይ ጠበቃ አፍ ውስጥ ያስቀመጠው፣ ማብራሪያው ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚሰጥ እንድናይ ነው። ያን ሁሉ አይተን ስናበቃ የመከላከያውን ንግግር ከችሎቱ አውጥተን «የመጽሐፉ ጭብጥ» የሚል ስም ሰጠነው።

ሁለተኛ ምስክር ላቅርብ። በመጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ተራኪው በሙስጠፋ ቤት ተቆልፎ የኖረውን ክፍል ይከፍታል። በዚያ በረሃ ዳርቻ ላይ ባለ ቤት ውስጥ የእንግሊዞች የእሳት ምድጃ ያገኛል፤ ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ ነው፤ አንድም የዓረብኛ መጽሐፍ የለም፤ ቁርአኑ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው። ከመጻሕፍቱ መካከል ሙስጠፋ የሕይወት ታሪኩን ሊጽፍበት ያሰበው ደብተር ይገኛል። ደብተሩን ያበረከተው ዓለምን በአንድ ዓይን ብቻ ለሚያዩ፣ ነገርን ሁሉ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ፣ ወይ ምሥራቅ ወይ ምዕራብ ብለው ለሚከፍሉ ሰዎች ነው። የቀረው ገጽ ባዶ ነው። ለእነዚያ አንባቢዎች የሚጻፍ ምንም ነገር የለም ማለት ነው። ሃያሲዎቻችን ያን መታሰቢያ አንብበው ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መስሏቸው አልፈውታል።

«ወጣት ዓረብ» ማነው?

አሁን ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል እንመርምረው። በመጀመሪያ «ወጣት ዓረብ» የተባለው ማነው? በመንደሩ ወሬና በጡረተኞች ትዝታ እንደሚነገረው የሙስጠፋ እናት ከደቡብ የመጣች ባሪያ ነበረች፤ አባቱ ደግሞ በሱዳንና በግብፅ ወሰን ከሚኖሩት ከአባብዳ ጎሣ ነው። እነዚህ አባብዳዎች ለኪችነር ጦር መንገድ በመምራት የሚታወቁ ናቸው። ልጁ የተወለደው ካርቱም፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1898 ነው፤ ኪችነር ኦምዱርማን ላይ የኸሊፋውን ሠራዊት በመትረየስ ሊፈጀው ሳምንታት ሲቀሩት ማለት ነው። ደራሲው ይህን ቀን የመረጠው በአጋጣሚ አይመስለኝም። የባሪያ እናትና የወራሪ መንገድ መሪ አባት ያለውን፣ አገሩ በተያዘበት ዓመት የተወለደውን ሰው «ዓረብ» ብሎ መዝጋት የሱዳንን ታሪክ ግማሹን መቅበር ነው።

ከዚህም በላይ «ዓረብ» የሚለውን መለያ አትርፎ የሸጠው ሙስጠፋ ራሱ ነው። ለኢዛቤላ ሲይሞር ራሱን የዓረብም የአፍሪካም አድርጎ፣ ከኦቴሎ ጋር እያመሳሰለ ያቀርባል። ስለማያውቀው በረሃና ጫካ ተረት ይፈጥራል። የለንደን መኝታ ክፍሉን በሰንደልና በዕጣን ጢስ፣ በምንጣፍና በመስተዋት ሞልቶ የምሥራቅ ትርኢት ቤት ያደርገዋል። ሴቶቹ ሊያዩት የፈለጉትን ዓረብ ሠርቶ ሰጣቸው። እንግዲህ ስለ «ወጣቱ ዓረብ» የምንናገር ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ዕጣኑን እያሸተትን ነው።

«ሁለት ባህሎች» የት አሉ?

ሁለተኛው ቃል ይቀጥል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ባህሎች በእኩል ቆመው የሚተያዩበት ቦታ አላገኘሁም። ያገኘሁት መድፍና ትምህርት ቤት ነው። ሙስጠፋ ትምህርት ቤት የገባው በፈረስ ላይ የተቀመጠ መኮንን መጥቶ ስለጠየቀው ነው፤ በዚያን ጊዜ ሌላው ሰው ልጁን ከእነዚህ ሰዎች ይደብቅ ነበር። በካርቱም የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲከፈት ገንዘቡን የለመነለት ኪችነር ራሱ ነበር፤ ከተማውን የያዘው ጄኔራል የከተማውን ልጆች ማስተማሪያ ቤት አሠራ። መጽሐፉ ከአትባራ ጦርነት በኋላ ስለሆነው ያስታውሰናል፤ የተማረከው የማሕዲስቶች አዛዥ ማሕሙድ ወድ አሕመድ ታስሮ ሲቀርብለት፣ አገሬን ልታጠፋ ለምን መጣህ ብሎ የጠየቀው ባዕዱ ጄኔራል ነው። የመሬቱ ባለቤት አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ይህን የባህል መገናኘት ብሎ መጥራት ለቋንቋ አለመታመን ነው። ስሙ ወረራ ነው።

በሌላ በኩል ወድ ሐሚድም «አንድ ባህል» አይደለችም። ቢንት መጅዙብ የምትባል አሮጊት ከወንዶች ጋር እኩል ተቀምጣ ትጠጣለች፣ ታጨሳለች፣ ስለ ባሎቿ ያለ ሐፍረት ታወራለች፤ ማንም አይቆጣትም። የተራኪው ጓደኛ መሕጁብ የእርሻ ፕሮጀክቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የፓርቲ ሰው፣ የፓምፕና የትምህርት ቤት ተሟጋች ነው፤ ስለ ሴት ሲነሣ ግን ሴት የወንድ ንብረት ናት ከሚሉት ጋር ይቆማል። በካርቱም ደግሞ ተራኪው የሚያየው የአፍሪካ የትምህርት ሚኒስትሮች ጉባኤ አለ፤ ውድ ልብስ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው ስለ ድሃው ልጅ ትምህርት የሚመክሩ ሰዎች። እነዚህ ከየትኛው ባህል ይመደባሉ? ጠይብ ሳሊህ የሚያሳየን ሥልጣን ያለውና የሌለው ሰው የሚኖርበትን ዓለም ነው፤ ያ መስመር በለንደንም ያልፋል፣ በወድ ሐሚድም መሐል ያልፋል።

«የተያዘ» ማነው?

ሦስተኛውና ዋናው ቃል «የተያዘ» የሚለው ነው። ሙስጠፋ ሰዒድ በምን ተያዘ? ያደነው እርሱ ነው፤ ወጥመዱን ያጠመደው እርሱ ነው። ተራኪውስ በምን ተያዘ? ዲግሪ አለው፣ በካርቱም የመንግሥት ሥራ አለው፣ ሚስትና ልጅ አለው፣ ወደ መንደሩ ሲመጣ አያቱ ደጃፍ ላይ ወንበር ይጠብቀዋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በእርግጥ የተያዘ፣ መውጫ የሌለው አንድ ሰው ብቻ አለ። ሴት ናት፤ ከመንደሯ ወጥታ አታውቅም፤ የምታውቀውም አንድ ባህል ብቻ ነው። ስሟ ሑስና ነው።

ሙስጠፋ ከጠፋ በኋላ ወድ ረይስ የተባለ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ማግባትና መፍታት የለመደ ሽማግሌ ሑስናን ልጋባ ይላል። ተራኪው የአደራው ባለቤት ነውና የሽማግሌውን ጥያቄ ይዞ ወደ እርሷ ይሄዳል። ሑስና መልሷን አትሸፋፍንም፤ ካስገደዱኝ እርሱንም እገድላለሁ፣ ራሴንም እገድላለሁ ትለዋለች። ተራኪው ይህን ሰምቶ ምን አደረገ? ወደ ካርቱም ወደ ሥራው ተመለሰ። መሕጁብ አንተ ለምን አታገባትም ብሎ ጠይቆት ነበር፤ ልቡ ወደ እርሷ ማዘንበሉን ያውቅ ነበር፤ ዝም አለ። ሑስና ግን ዝም አላለችም። ወደ ተራኪው አባት ቤት በእግሯ ሄዳ ልጅህ ለስሙ ያህል ውል ይሰርልኝና ከልጆቼ ጋር በሰላም ልኑር ብላ ለመነች። በመንደሩ ዓይን ይህ ድፍረት ነበር፤ የተራኪው እናት በኋላ ስታወራው እንኳ እንደ ነውር ነው የምታወራው። አባቷ የሰው መሣቂያ አልሆንም ብሎ አስገድዶ ዳራት። ሁለት ሳምንት አፏን ዘግታ ባሏን ሳታስጠጋ ቆየች። ከዚያም እንዳለችው አደረገች።

መንደሩ ሁለቱን ሬሳ ያለ ለቅሶ ቀበረ። ሁሉም አፈረ፤ ሁሉም ስለ ውርደቱ ተናገረ። ከመንደሩ ሁሉ የተለየችው የወድ ረይስ ታላቅ ሚስት መብሩካ ናት፤ ለማስተዛዘን የመጡትን ሴቶች ወደየቤታችሁ ብላ መልሳ እልልታዋን አቀለጠችው። ያችን እልልታ በየትኛው ባህል እንመድባት? መብሩካ እንግሊዝ አገር አልተማረችም። የመንደሩ ልጅ ናት፤ መንደሩ ግን እንደ እርሷ ላሉት የሚናገር አንደበት አልሰጣቸውም።

ጠለፋንና በዕድሜ የማይመጣጠን ጋብቻን በዓይኑ ያየ የእኛ አገር አንባቢ ሑስናን ለመረዳት ለንደንን ማወቅ አያስፈልገውም። እንዲያውም የእኛ አንባቢ ከለንደኑ ሃያሲ የሚበልጥበት ቦታ ይህ ነበር። ሆኖም እኛም መጽሐፉን ስናነብ ዓይናችንን ወደ ለንደን መኝታ ክፍል ተክለን፣ ወድ ሐሚድ ላይ የሆነውን እንደ ማሳረጊያ ቆጠርነው።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

«ተራኪው በመጨረሻ ናይል ውስጥ ገብቶ ከደቡብና ከሰሜን ዳርቻ እኩል ርቀት ላይ ይንሳፈፋል፤ ይህ በሁለት መካከል መያዝ ካልሆነ ምንድን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ተራኪው ወደዚያ የወንዝ መሐል የደረሰው በምን ምክንያት ነው? ከእንግሊዝ ሲመለስ አልገባም፤ የሙስጠፋን ምስጢር ሲሰማም አልገባም። የገባው ሑስና ከሞተች በኋላ ነው። ወደ ወንዙ የገፋው ሁለት ሥልጣኔዎችን ማስታረቅ አለመቻሉ ቢሆን ኖሮ ሰባት ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረው። የገፋው የዝምታው ዋጋ ነው። በውሃው ውስጥ የሚያደርገውም ነገር ይህንኑ ያረጋግጣል፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመርጣል፤ ለመኖር ይወስናል፤ የሚወዳቸው ጥቂት ሰዎች፣ የሚፈጽማቸው ግዴታዎች መኖራቸውን ያስባል፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ እርዳታ ይጠራል። ችሎት ላይ ሙስጠፋ ያልጮኸውን፣ ሑስና ስትለምን እርሱ ያልመለሰውን ድምፅ አሁን አወጣ። የመጽሐፉ ፍጻሜ የዝምታ ማብቂያ ነው።

ሌላው ተቃዋሚ ኤድዋርድ ሰዒድን ይጠራል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው «ባህልና ኢምፔሪያሊዝም» ውስጥ ይህን ልብ ወለድ የጆሴፍ ኮንራድን «የጨለማ ልብ» ጉዞ ገልብጦ የሚጓዝ አድርጎ አቅርቦታል። አስተያየቱ ትልቅ ነው፤ አልክደውም። ግን ለመጽሐፉ ግማሽ የሚሠራ ነው። ወደ ሰሜን የተደረገውን ጉዞ ያስረዳል፤ ከጉዞው መልስ በመንደሩ የሆነውን አያስረዳም። ለኮንራድ መልስ መስጠት የደራሲው ዓላማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ችሎቱ ላይ ባበቃ ነበር።

ከቃል ምርጫ የሚጀምር ዳኝነት

ሙያዬ ትርጉም ነውና ነገሩን በቃላት ላሳይ። የዓረብኛው ርእስ «ሂጅራ» የሚል ቃል ይዟል። በእንግሊዝኛ የተተካው ቃል ትክክል ነው፤ ሆኖም ቃሉ በሙስሊም አንባቢ ልብ ውስጥ የሚያነሣውን አያነሣም። ለእኛ ደግሞ «ሂጅራ» ባዕድ ቃል አይደለም፤ የመጀመሪያው ሂጅራ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ አክሱም የመጣው ነው። በአማርኛ «ስደት» ብንለው ሰውየው የተባረረ፣ የተገፋ፣ አዘኔታ የሚገባው ሆኖ ከሽፋኑ ላይ ይጀምራል፤ ተርጓሚው ሳያስበው ጠበቃውን ሾመ ማለት ነው። «ፍልሰት» ስንል ግን ወፎችም ይፈልሳሉ፣ ሕዝብም ይፈልሳል፤ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ፣ የሚሄደውም ተመልሶ የሚመጣበት እንቅስቃሴ ነው። ከፊቱ «ወቅት» የሚል ቃል ላለው ርእስ የሚስማማው ይህኛው ነው።

ሌላ ምሳሌ። ተራኪው ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወደ «አህሉ» መመለሱን ይነግረናል፤ እንግሊዝኛው «ሕዝቤ» ወደሚል ያደላል። በአማርኛ «ዘመዶቼ» ወይም «ቤተሰቤ» ማለት ይቻላል። እኔ «ወገኖቼ» እላለሁ። ወገን ማለት ዘመድም ነው፣ ጎራም ነው፤ ከእርሱም «ወገነ» የሚል ግሥ ይወጣል። ተራኪው ወደ ወገኖቹ ተመለሰ፤ ጥያቄው በመጨረሻ ለማን ወገነ የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በእንግሊዝኛው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ አማርኛው ግን በተፈጥሮው ያወጣዋል። የጎረቤትን መጽሐፍ በሦስተኛ ቋንቋ ብቻ ማንበብ የሚያስከፍለው ይህንን ነው። የጆንሰን ዴቪስ ትርጉም የተከበረ ሥራ ነው፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ጥፋቱ ከትርጉሙ ጋር የሚመጣውን የሽፋን ጀርባ ማስተዋወቂያ እንደ ትንታኔ የምንቀበል የእኛ ነው።

ጎረቤት ነው ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሙስጠፋ ሰዒድን የወሰደው የክረምት ሙላት አብዛኛው ውሃ ከእኛ ደጋ በዓባይና በተከዜ የወረደ ነው። የታሪክ መጻሕፍታችን ግን ከሱዳን ጋር የሚያገናኙን በአመዛኙ «ድርቡሽ» በሚል ቃል፣ በጎንደር ቃጠሎና እ.ኤ.አ. በ1889 መተማ ላይ በወደቁት በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2023 ካርቱም ላይ የፈነዳው ጦርነት በዚያው በመተማ፣ በኩርሙክም በኩል ብዙ ሱዳናውያንን ወደ እኛ አሻገረ። ድንበር ለተሻገረ ሰው እንጀራና ውሃ ይቀድማል፤ ማንነቱን ከጦርነት ዜና ብቻ መማር ግን ለእርሱም ለእኛም አይበቃም። የዚያን ሕዝብ ትልቁን ልብ ወለድ በአንድ የተዋሰነው ዓረፍተ ነገር የምንሸኘው ከሆነ ጉርብትናው የካርታ ጉርብትና ነው።

የሐረጉ ጉዳት

«ይህ ሁሉ ሙግት ለአንድ ሐረግ?» ይባል ይሆናል። ሐረጉ በሥነ ጽሑፍ ዓምድ ውስጥ ብቻ ቢቀር ኖሮ እኔም ዝም ባልሁ። ነገር ግን ከዚያ ወጥቶ በቤታችን ይዞራል። ከቤይሩት ወይም ከጂዳ ተጎድታ የተመለሰች ልጅ ስታጋጥመን «ባህሉ ከብዷት ነው» እንላለን። ያልተከፈላትን ደመወዝ፣ የተያዘባትን ፓስፖርት፣ ከውጭ የተቆለፈባትን በር የሚጠይቅ የለም። «ባህል» የምትለዋ ቃል አሠሪውንም፣ ደላላውንም፣ ዝም ያለውን ዘመድም በአንድ ጊዜ ነጻ ታወጣለች። በሌላው ጫፍ ደግሞ ውጭ አገር ኖሮ የመጣ ሰው ሚስቱን ሲበድል «በሁለት ባህል መሐል ተወጥሮ ነው» ተብሎ ይታዘንለታል። የፎስተር ኪን ንግግር በየሳሎናችን ይደገማል።

ባህል የለም፣ ሰውንም አይቀርጸውም እያልሁ አይደለም። በሁለት ቋንቋ የሚኖር ሰው በሁለት ቤት የሚኖር ያህል ነው፤ ያንን ከሙያዬ አውቀዋለሁ። ሁለት ቤት ያለው ሰው ግን በሁለቱም ቤት ላደረገው ይጠየቃል፤ አንዱን ቤት ለሌላው ማምለጫ ሊያደርገው አይገባም። ጠይብ ሳሊህ የጻፈው ይህንን ነው። አንዱ ሰው ችሎት ፊት ዝም ብሎ ዳነ፤ ሌላው በአያቱ ደጃፍ ዝም ብሎ አንዲት ሴት አስገደለ። ሁለቱም የተማሩ ነበሩ፤ ሁለቱም በሁለት ቋንቋ መናገር ይችሉ ነበር። የተናገረችው ግን አንድ ቋንቋ ብቻ የምታውቀው ናት፤ ተናግራም አልተሰማችም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ይህን መጽሐፍ «በሁለት ባህሎች መካከል የተያዘ ወጣት ዓረብ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሁሉ አስቀድሞ ለአንድ ጥያቄ መልስ ያዘጋጅ፦ ጥብቅና የቆመው ለማን ነው? ሑስና የጠየቀችው የባህል እርቅ አልነበረም። የጠየቀችው ለስሙ ያህል የሚታሰር አንድ ውል ነበር። ያንን የሚከለክላት ለንደን አልነበረችም።